ለሰብለ የወጣው ዕጣ

ጎረቤታችን አራተኛ ፎቁን ጨርሶ ኮርኒሱን ጀሶ ማስመታት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ በባልዲ ሲበጠብጡት ሽታው አጥራችንን ተሻግሮ በመስኮቴ ይገባል። ሰው ጀሶ ሽታ የለውም ይላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ስነክርበት የኖርሁ ነርስ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ዝናብ የነካው አሮጌ ግድግዳ የሚመስል፣ ቀዝቀዝ ያለ ሽታ ነው። በሸተተኝ ቁጥር የሚታየኝ የጎረቤቴ ኮርኒስ አይደለም። የሚታየኝ የታናሽ እህቴ የሰብለ ግራ እግር ነው፤ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ሆኖ፣ በገዛ እጄ ተጠቅልሎ።

ይህ አሁን ፎቅ በፎቅ የሆነው መካኒሳ አቦ ያን ጊዜ ግማሹ ማሳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አልፈን ወደ ላፍቶ ስንወርድ በክረምት ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን በገብሱ ዳርና ዳር እንሄዳለን። ፉሪማ ለእኛ ሌላ አገር ነበር፤ ወተትና ጎመን በአህያ ተጭኖ የሚመጣበት። አውቶብስ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖም እንደዚያው። ወንዶቹ ቴትሮን ሸሚዝ በእግሩ የሰፋ ሱሪ ላይ ይለብሳሉ፤ ሸራ ጫማቸውን ቅዳሜ አጥበው በጠመኔ ያነጡታል። እኛ ሴቶቹ ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን አንድ ሹራብ ለሁለት እንለብሳለን። የእኔና የሰብለ ሹራብ ቢጫ ነበር፤ እሑድ የእሷ፣ የሥራ ቀን የእኔ። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት፤ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጣ። እኔ ነርስነት ተምሬ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ስቀጠር ሰብለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት ነው የምበልጣት።

ሰብለ የቀበሌው ኪነት ጨፋሪ ነበረች። የዛሬ ልጆች ኪነት ሲባል ምን እንደሆነ አያውቁም፤ በየቀበሌው ልጆች ተሰብስበው የሚዘፍኑበት፣ የሚጨፍሩበት፣ በበዓል ቀን መድረክ የሚወጡበት ነው። የሚዘፈነውን ሌሎች ይመርጡታል፤ ጭፈራው ግን የልጆቹ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ አጠገብ ካለፋችሁ ከበሮው ከአንድ ፌርማታ ርቀት ይሰማችኋል። ሰብለ ከሁሉም የምትታወቀው በጉራጌ ጭፈራ ነው። እኛ ከመንዝ የመጣን ሰዎች ነን፤ እሷ ግን የተማረችው ከግቢያችን ጎን ከሚኖሩት የጉራጌ ነጋዴዎች ሚስቶች ነው፤ ገና ስምንት ዓመቷ ሳለ ልብስ ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆማ። ጉልበቷን አንስታ ስትረግጥ፣ ደግሞ ስታነሳ፣ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም። የማያጨበጭብ ሰው አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ራሳቸው «ይቺ ልጅ የኛ ናት፣ ሰርቃችሁ ነው» እያሉ እናታችንን ያስቋት ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው ትልቅ የኪነት ቡድን ሰዎች መጥተው አዩዋትና መረጧት። ቡድኑ በየክፍለ ሀገሩ የሚዞር፣ ውጭ አገርም የሚላክ ነው። ደሞዝ ተቆረጠላት። ልብስ ተለካች። ጉርድ ፎቶ ስትነሳ ያ ቢጫ ሹራብ የኔ ተራ ነበር፤ እኔ በብርድ ሥራ ሄጄ እሷ ለብሳው ተነሳች። የቀራት የቀበሌው የመጨረሻ ዝግጅት ብቻ ነበር። «ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ጨፍሬላቸው ልሂድ» አለች።

በዝግጅቱ ቀን እኔ አልነበርሁም። አብረዋት የጨፈሩት እንደነገሩኝ፣ መድረኩ ጣውላ ነበርና ዘላ ስትወርድ ግራ እግሯ በሁለት ጣውላዎች መካከል ተያዘ፤ ሰውነቷ ዞረ፣ እግሯ አልዞረም። ከበሮው እየተመታ እንኳ ቋ ያለውን ድምፅ ሰምተውታል። ተሸክመው ቤት አመጧት። እናታችን በማግስቱ ወጌሻ ጠራች፤ ሰውየው ቅቤ ቀብቶ አሸት አደረገና «ወልቋል» ብሎ ሳበው። የሰብለ ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ የሕፃን ራስ አህሎ ሲያብጥ ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኋት።

እዚያ ዶክተር ይልማ የሚባል ሐኪም ነበር። ቀጭን፣ ከጋውኑ ሥር ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነው። ያን ሰሞን አንድ ጥናት ጀምሮ ነበር። ጉልበቱ ሳይሰበር ጅማቱ ብቻ የተጎዳ ሰው ሲመጣ፣ እንደ ልማዳችን ስድስት ሳምንት በጀሶ እናስረዋለን። ዶክተር ይልማ ግን ውጭ ሲማር ሌላ ዓይነት አያያዝ አይቷል፤ በፋሻ ብቻ ደግፎ፣ እብጠቱ ጎደል እንዳለ ጉልበቱን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ፈቃደኛ የሆኑትን በሽተኞች ለሁለት ከፍሎ ዓመት ሊከታተላቸው ነው።

«ማን የትኛውን እንደሚያገኝ ማን ነው የሚወስነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዕጣ» አለኝ። «እኔ ከመረጥሁ፣ የሚድን የሚመስለኝን ወደምወደው በኩል እወስደዋለሁ። ሳላውቀው አደርገዋለሁ። ስለዚህ እጄን አላስገባም፤ ዕጣውን አንቺ ታወጫለሽ።»

«እርስዎ ግን የትኛው ይሻላል ይላሉ ዶክተር?»

«እውነቱን ልንገርሽ ሲስተር፣ አላውቅም።»

ሐኪም አላውቅም ሲል ስሰማ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ደነገጥሁ፤ የማያውቅ ሰው በሰው እግር የሚጫወት መሰለኝ። ዕጣዎቹን በአንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አጣጥፎ ጨመራቸው። ግማሾቹ «ጀሶ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «እንቅስቃሴ»።

ሰብለን መርምሮ «ጅማት ነው፣ አጥንቷ ደህና ነው» አለና ስለ ጥናቱ ነገራት። ዕጣ የሚለው አሳቃት መሰለኝ፤ «እሺ» አለች። ዶክተሩ ተኝተው ወደሚታከሙት በሽተኞች ሄደ። ለገዛ እህቴ ሌላ ሰው ዕጣ እንዲያወጣ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። እናታችን ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጣ፣ በመጣሁ በሄድሁ ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩልኝ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ» ትለኛለች። ሰብለ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታለች። ጣሳውን ነቅንቄ አንድ ወረቀት አወጣሁና ፈታሁት። «እንቅስቃሴ» ይላል።

ያ ያበጠ ጉልበት ሲታጠፍ ታየኝ። የተበጠሰ ነገር ካልታሰረ እንዴት ይገጥማል? የተማርሁት እንደዚያ ነው፤ ያስተማሩኝም የተማሩት እንደዚያ ነው። እህቴ የሙከራ ዕቃ ልትሆን ነው ብዬ አሰብሁ። ወረቀቱን የጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትሁና እንደገና እጄን ጣሳው ውስጥ አስገባሁ። ሁለተኛው «ጀሶ» ይል ነበር። እንቅስቃሴ ቢል ኖሮ ሦስተኛም አወጣ ነበር።

«ምን ደረሰኝ?» አለች ሰብለ ከመጋረጃው ኋላ።

«ጀሶ።»

«እሰይ!» አለች።

ጀሶውን ራሴ አሰርሁት። ፋሻውን ለብ ባለ ውኃ እየነከርሁ፣ እያለሰለስሁ፣ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ጀሶ የለም። ሲደርቅ ሲሞቃት «እታለም፣ እንደ ጋቢ ያሞቃል» ብላ ሳቀች። ማታ ቤት ስገባ ያቺን ወረቀት የከሰሉ ምድጃ ውስጥ ጨመርኋት።

ስድስት ሳምንት ተኛች። የትልቁ ቡድን ሰዎች አንዴ ብርቱካን ይዘው ጠይቀዋት «እንጠብቅሻለን» ብለዋት ሄዱ። በሬዲዮ ሙዚቃ ሲመጣ ጤነኛው እግሯ ብርድ ልብሱ ሥር ምት ይመታል። ጀሶው በተከፈተ ቀን ግን ከውስጡ የወጣው የእሷ እግር አልመስል አለኝ። ጭኗ የክንዴን ያህል ቀጥኗል፣ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ዶክተር ይልማ ሁለት ክንድ ባለው የማዕዘን መለኪያ ጉልበቷን ለካ። «እጠፊው» አላት። ጥርሷን ነክሳ ሞከረች። የታጠፈው ምንም ያህል አልነበረም። እንደገና ለክቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ጣቶቹን ነው ያየሁት፣ እስክሪብቶውን አጥብቀው ይዘዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት የጩኸት ወራት ነበር። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በአሸዋ የተሞላ ከረጢት እናስራለን፤ እኔ እገፋለሁ፣ እሷ ትጮኻለች፣ እናታችን ወጥታ አጥሩ ሥር ትቆማለች። ጉልበቷ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያህል ታጠፈ። ከዚያ አልፎ እንቢ አለ። ቁጢጥ ማለት አልቻለችም። የግቢያችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ነበርና አናጺ ጠርተን መሐሉ የተቆረጠ ወንበር አሠራንላት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንበሩ የመጣ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ቡድኑ በቦታዋ ሌላ ልጅ ወሰደ። ከበሮ መቺው፣ ሊያገባት ሽማግሌ እልካለሁ ሲል የነበረው፣ ከቡድኑ ጋር ክፍለ ሀገር ሄዶ አንድ ደብዳቤ ጻፈላት። ሁለተኛ አልጻፈም። ሰብለ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና የምትመዝን ሆነች፤ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ።

ዓመቱ ሲሞላ ዶክተር ይልማ ደብተሩን ሊያጠቃልል ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠ። የቀሩትን ወረቀቶች ቆጥሮ ከደብተሩ ጋር አመሳከረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«ሲስተር ወርቅነሽ፣ አንድ እንቅስቃሴ ይጎድላል።»

«ወድቆ ይሆናል ዶክተር።»

«ወድቆ ነው ወይስ ተለውጦ?» ድምፁን አላነሳም። «ልቆጣሽ አይደለም። የማን እንደሆነ ካወቅሁ እሱን አውጥቼ የቀረውን አድነዋለሁ። ካላወቅሁ ግን የትኛውን አምናለሁ?»

የእህቴ ነው ማለት አንድ ቃል ነበር። ከሥራ የምባረር መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ ሰብለ ትሰማለች ብዬ ፈራሁ። «እኔ አላውቅም» አልሁት። ያወቀ ይመስለኛል። ደብተሩን ዘግቶ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ ሲያወጣው አላየሁም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። እኛም ጀሶ ማሰራችንን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት፣ የስንቱን ሰው ጉልበት እንዳሰርሁ እግዜር ይወቀው። ግማሾቹ እያነከሱ መጥተው «እግዜር ይስጥልን ሲስተር» ይሉኛል።

እናታችን ሞተች፤ እኔ አግብቼ ወለድሁ፣ ባሌን ቀበርሁ። ሰብለ አላገባችም። በእናታችን ግቢ አብረን አረጀን። ሰርግ ላይ ከበሮ ሲመታ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ዕቃ ለማጠብ ነው ትላለች። ልጆቼን ያሳደገቻቸው እሷ ናት ብል አልዋሸሁም፤ እኔ ተረኛ ስሆን ያበላቻቸው፣ ያስጠናቻቸው እሷ ናት። የልጅ ልጄ ሃናም ከእኔ ይልቅ የእሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ሃና ለኮሌጇ ቮሊቦል ስትጫወት ወደቀች። ጉልበቷ ነው። ስልኩ ሲደወል ሰብለ እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን ለቀቀችው። ሐኪሞቹ በማሽን አይተው «የጎን ጅማት ተጎድቷል፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም» ብለው ላፍቶ ወዳለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ላኳት። ሦስታችንም በሚኒባስ ሄድን። ድሮ የገብስ ማሳ በነበረው ቦታ በተሠራ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለሙያዋ ቤቴልሔም የምትባል ወጣት ናት። ሃናን አልጋ ላይ አጋድማ፣ ከተጎዳች ገና ሳምንት ሳይሞላት፣ ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ ቀስ አድርጋ እንድትስብ አዘዘቻት። ጉልበቱ ታጠፈ። ሃና ፊቷን አጨማደደች እንጂ አልጮኸችም።

«አሁኑኑ? ሳይድን?» አለች ሰብለ።

«እንዲድን ነው እማማ» አለቻት ቤቴልሔም። «እንዲህ ያለውን ጅማት ደግፈነው ቶሎ ስናንቀሳቅሰው ይጠነክራል። ድሮ ጀሶ ያስሩበት ነበር፤ ሲከፈት ጉልበቱ ደርቆ፣ ጡንቻው ሟሙቶ ይገኛል።»

ሰብለ የራሷን ጉልበት በመዳፏ ሸፈነችው። «የኔም እንደዚያ ነው። ለኔ ግን በዕጣ ነው የደረሰኝ» አለችና የዶክተር ይልማን ነገር ነገረቻት። ቤቴልሔም ሥራዋን አቁማ አዳመጠች። «ያኔ እንዲህ ዓይነት ጥናት ነበር? ውጤቱ የት አለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ነርስ እንደነበርሁ ሃና ነግራታለች።

«ጠፋ» አልኋት።

«ሰው መርጦልኝ ቢሆን እስከ ዛሬ እረግመው ነበር» አለች ሰብለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዕጣ ግን ምን ይባላል?»

ሁለቱ ቀድመው ደረጃውን ሲወርዱ ተመልሼ ገባሁና ቤቴልሔምን ጠየቅኋት። ያኔ ባትታሰር ኖሮ እህቴ ትጨፍር ነበር ወይ? ልጅቱ ብልህ ናት፤ ቸኩላ አልመለሰችልኝም። «ማወቅ አይቻልም እማማ። ጅማቱ ምን ያህል እንደተበጠሰ ያኔ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ ወጌሻም ስቦታል ብለዋል። መታሰሩ ግን አልጠቀማቸውም።» ማወቅ አይቻልም። ያ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ ሰው ዓመት ሙሉ የደከመው ለማወቅ ነበር።

በሚኒባሱ ውስጥ ሰብለ አጠገቤ ተቀምጣ እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘረጋች። እኔ ያን ቀን ዝም ማለት አቃተኝ። አርባ ዓመት ያልከበደኝ በዚያ መንገድ ለምን እንደከበደኝ አላውቅም። ቤት ደርሰን ሃና ስትተኛ፣ ሰብለ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ጀመር። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ።

«ሰብልዬ፣ ያኔ የደረሰሽ ጀሶ አልነበረም።»

«ምን ማለትሽ ነው እታለም?»

«መጀመሪያ ያወጣሁት እንቅስቃሴ ይል ነበር። ደብቄው ሌላ አወጣሁ።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ። «ለምን?»

«ፈራሁ። ጀሶው የሚያድንሽ መስሎኝ ነው።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«ሐኪሙስ?»

«ጠርጥሮ ጠየቀኝ። ካድሁት።»

ይቅርታ በይኝ አልኋት። እየደጋገምሁ አልኋት። እሷ ጉልበቷን ነበር የምታየው፤ እኔን አይደለም። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ተመኘሁ። በጣም በቀስታ፣ «ከእግዜር ጋር ስንት ዓመት ተጣልቼ እንደኖርሁ አታውቂም» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማለቅሰው ለጸሎት ይመስልሽ ነበር። ስጣላው ነበር። ከዚያ ደከመኝና ታረቅሁት። ዕጣ ነው፣ ማንም አልመረጠልኝም፣ አልሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ነሽ ትይኛለሽ። ካንቺ ጋር የምጣላበትን፣ ደግሞ የምታረቅበትን ዕድሜ ከየት ላምጣ?» ምስሩን ይዛ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ገባች።

አሁንም በአንድ ግቢ ነን። ምግብ አብረን እንበላለን፤ ብታመም ሾርባ ሠርታ ታመጣልኛለች። ሃና ወደ ክሊኒኩ በሄደች ቁጥር ይዛት የምትሄደው ሰብለ ነበረች፤ እኔን ነይ አትለኝም ነበር። ልጅቱ ዳነች። ባለፈው ቅዳሜ ከተጎዳች በኋላ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ስትጫወት ሁለታችንም ሄደን ነበር። ሰብለ የሜዳውን አጥር በሁለት እጇ ይዛ ጨዋታውን ሙሉ ቆማ አየች። ሃና ለመምታት ዘላ በወረደች ቁጥር የሰብለ ጣቶች ሽቦው ላይ ሲጨበጡ አያለሁ። አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር አቀበላት። እሷ ወንበሩን ተቀብላ፣ በመሐረቧ ጠርጋ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከእኔ ጋር ከአንድ ማኅፀን የወጣችው፣ አንድ ሹራብ ለሁለት የለበሰችው እህቴ፣ በዚያ የሆስፒታል ኮሪደር የማያውቁኝ በሽተኞች በሚያናግሩኝ አክብሮት፣

«ሲስተር፣ ቆመው እንዳይደክምዎት፤ ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀመጥሁ።